ጊታር ላይ መሻሻሌን በምን ልወቅ? ላልከው

ወንድሜ፣ «አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ጊታር እለማመዳለሁ፤ እየተሻሻልኩ ይሁን ባለሁበት እየረገጥኩ ግን አላውቅም» ብለሃል። እኔም በዚያው አልፌያለሁ፤ ያውም ሁለት ዓመት።

ስጀምር ደብተር ነበረኝ። «ሰኞ 1 ሰዓት፣ ማክሰኞ 40 ደቂቃ» እያልኩ እመዘግባለሁ። ሰዓቱ ሲጠራቀም ደስ ይላል። ደብተሩ የሚነግረኝ ግን መቀመጤን እንጂ መቻሌን አልነበረም።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ፣ መንገድ ዳር ያለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ሽንኩርት እየከተፉ ከጊታሬ ጋር ያንጎራጉራሉ። አንድ ቀን በመስኮት «ልጄ፣ እዚያች ጋ ስትደርስ ምን ይይዝሃል?» አሉኝ። ምንም አይዘኝም ብዬ ድርቅ አልኩ። ማታ በስልኬ ቀድቼ ሰማሁት። ከሲ ኮርድ ወደ ኤፍ ኮርድ፣ ማለትም ከአንዱ የጣት አያያዝ ወደ ሌላው በተሻገርኩ ቁጥር ቀጥ! አመልካች ጣቴ ስድስቱንም ክር እስኪጫን ምቱ ጥሎኝ ይሄዳል። በዚያች ዝምታ መሃል የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ አንድ ዘፈን ሳላቋርጥ እቀዳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ! ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮ ያማረውን መምረጥ ፎቶ ማሳመር ነው። ወዲያው አልሰማውም። ሦስት ወር ሲሞላው ከአዲሱ ጋር አስተያየዋለሁ፤ ልዩነቱ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ሌላው ቆጠራ ነው። ስልክህ ላይ የ1 ደቂቃ ሰዓት ቆጣሪ ሙላና ከሲ ወደ ኤፍ፣ ከኤፍ ወደ ሲ ስንት ጊዜ እንደቀየርክ ቁጠር። የታፈነ ክር ካለ አይቆጠርም። እኔ በ11 ነው የጀመርኩት። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ዘፈን ኮርዱ በየ4 ምቱ ከተቀየረ፣ በደቂቃ 30 ጊዜ መቀየር አለብህ። እንዲህ ያለ ዘፈን ለምን እንደሚያመልጠኝ ሳሰላው ገባኝ።

ቅኝት የምትለማመድ ከሆነ፣ ትዝታን ከሲ ኖታ ጀምረህ ያዘው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ሜትሮኖሙን፣ ማለትም ምት የሚቆጥርልህን መሣሪያ፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርግ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሳትሳሳት ሲወጣልህ ብቻ 5 ጨምር። የደረስክበትን ቁጥር ጻፍ። ችክችካ የሚባለው ምት ሲሆን በ6 ቆጥረህ ሜትሮኖሙ 1ኛውና 4ኛው ላይ እንዲመታ አድርገው፤ መጀመሪያ ያደናግራል፣ ትለምደዋለህ።

ዩቲዩብ ላይ ካሉት ልጆች ጋር ራስህን አታወዳድር። እነሱም ቀድተው፣ መርጠው ነው የሚለቁት።

በደቂቃ ኮርድ የምትቀይርበት ቁጥር አንዳንድ ሳምንት ይወርዳል። እኔ ከ24 ወደ 19 ስወርድ ጊታሬን ልሸጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ አንገቱ ጎብጦ ክሮቹ ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች፣ በጣም ርቀዋል! የሚያውቅ ሰው አስተካከለልኝና በሳምንቱ ተመለስኩ። ስለዚህ ጣትህን ከመውቀስህ በፊት ጊታሩን ለሚያውቅ ሰው አሳየው።

ዛሬ ማታ አንድ ቅዳ። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፍበት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳልጽፍባቸው ቀርቼ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የማውቀው ረዳቱ በሚጮህበት ድምፅ ሆኗል።