ኤልፒኤን ልማር ወይስ አርኤን? ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ፤ በኤልፒኤንነት (በአርኤን ሥር የሚሠራ ባለፈቃድ ነርስ) ጀምሬ አሁን አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ) ነኝ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የደመወዛቸው ልዩነት ምን ያህል ነው?

መልስ፦ በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2024 መረጃ መሠረት የኤልፒኤን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 62,340 ዶላር፣ የአርኤን 93,600 ዶላር ነው። በሰዓት ሲመነዘር 30 እና 45 ዶላር ገደማ ይመጣል። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነውና ጀማሪ ይህን ቆጥሮ ቤት አይግዛ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱስ?

መልስ፦ ኤልፒኤን አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። አርኤን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ነው ይባላል፤ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂን የመሳሰሉት ቅድመ ትምህርቶች ሲጨመሩ ግን ሦስት ብላችሁ አቅዱ። የባችለር ዲግሪው አራት ዓመት ነው። የሥራ ፈቃድ ፈተናው ለሁለቱም ዓይነት አርኤን ያው ኤንክሌክስ የሚባለው ነው፤ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ግን ባለ ባችለሩን ያስቀድማሉ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቄ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ። ኤልፒኤን ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ የተማርሽውን ለምን እንደገና ትከፍዪበታለሽ? ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ይቆጨኛል። መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃሽን እስከ 2025 ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል በነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት በሚባለው ድርጅት አስገምግሚ። የሚመዘነው የዲግሪው ስም ብቻ አይደለም፤ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በማዋለድ፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና የወሰድሽው ትምህርትና የተግባር ልምምድም ይታያል። የጎደለ ካለ የጎደለውን ብቻ መማር የሚቻልበት መንገድ ይኖራል። ሰነዱን የሚልከው ራሱ ኮሌጁ ነው፤ ፖስታውን አንቺ ይዘሽ ብትሄጂ አይቀበሉሽም። ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ደጋግሞ የሚመላለስልሽ ዘመድ አዲስ አበባ ቢኖርሽ ከማንኛውም ገንዘብ ይበልጣል። ከዚያ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከዚያ ኤንክሌክስ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሦስት ዓመት መጠበቅ አልችልም።

መልስ፦ እንግዲያው ኤልፒኤን ይሻልሃል። ሥራው በብዛት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው፤ ብዙ አረጋውያንን በአንድ ፈረቃ ማዳረስ ወገብ ይፈትናል። ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሸጋግር ፕሮግራም በየኮሌጁ አለ። ከመመዝገብህ በፊት ግን የምትማርበት ትምህርት ቤት ክሬዲት ወደዚያ ኮሌጅ ይዛወር እንደሆነ ጠይቅ፤ ያለዚያ ከዜሮ ትጀምራለህ።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ሳይገባ በጥቂት ወር የአርኤን ዲፕሎማ የሚሰጥ ቦታ አለ አሉኝ።

መልስ፦ ሽሽ! በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ካሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ ተሸጧል ብሎ 25 ሰዎችን ከስሷል። ከገዢዎቹ ኤንክሌክስ ያለፉም ነበሩ፤ ፈተናውን ማለፋቸው ፈቃድ ከመነጠቅ አላዳናቸውም። የትምህርት ቤቱ ስም በግዛትህ የነርሲንግ ቦርድ ዝርዝር ላይ ከሌለ አምስት ሳንቲም አትክፈል።