ቀጭን ክር፣ ቀዝቃዛ ውኃ፦ ስለ ትራውት ማጥመድ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ትራውት ዓሣ በጨረፍታ ካነሣን ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ቀላል ዘንግ፣ ቀጭን ክርና ትናንሽ ማማለያዎችን ይዞ በተራራ ሐይቆችና ወንዞች ስለማጥመድ ነው። ከእነርሱ መካከል አራቱን መርጠናል። «ማማለያ» ስንል የሚበላ ነገር ማለታችን ሳይሆን በመሽከርከሩ፣ በመወዛወዙና በማብለጭለጩ ትንሽ ዓሣ ወይም ነፍሳት መስሎ ዓሣውን የሚያታልለውን ብረት፣ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። በልጅነቴ ሐዋሳ ላይ በትል ቆሮሶ አጥምጃለሁ፤ ስለዚህ ለዓሣ እንግዳ አይደለሁም። አምና በሥራ ባልደረባዬ ምክር 6 ጫማ ርዝመት ያለው ቀላል ዘንግ፣ አነስተኛ የክር መጠቅለያና ስድስት ስፒነሮች (ሲጎተቱ ምላስ መሰል ብረታቸው የሚሽከረከር ማማለያዎች) ገዝቼ በጆርጅታውን ሐይቅና በክሊር ክሪክ ወንዝ አራት ቅዳሜ ሞከርሁ። ዓሦቹ ማማለያውን እስከ እግሬ ሥር ድረስ ይከተሉና ይመለሳሉ። ክሩም ከመጠማዘዙ የተነሣ በሁለተኛው ቀን እንደ ባዘቶ ሆኖ ተጥሏል። የምቀይረው ማማለያውን ነው ወይስ ቦታውን?

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉአቸውና ማማለያው የሚሄድበትን ጥልቀትና ፍጥነት ይቀይሩ። ዓሣው ተከትሎ መምጣቱ ቦታውም ማማለያውም ትክክል መሆናቸውን የሚመሰክር ነው፤ የጎደለው አፉን እንዲከፍት የሚያስገድደው የመጨረሻው ምክንያት ብቻ ነው። ስፒነር ምላሱ መሽከርከር የሚጀምርበት የራሱ ዝቅተኛ ፍጥነት አለው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ከዚያ ፍጥነት እጅግ አልፎ በመጠቅለሉ ሲሆን፣ በቀዝቃዛ የተራራ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ደግሞ ጉልበቱን ቆጥቦ የሚያወጣ እንስሳ ስለሆነ ረጅም መንገድ አሳዶ ለመብላት አይቸኩልም። ምላሱ መዞሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቀጭን ንዝረት ይሰማዎታል፤ ንዝረቱ እስኪጠፋ ድረስ ፍጥነቱን ይቀንሱና ከዚያ ጥቂት ብቻ ከፍ ያድርጉት። ዓሣ ሲከተል ካዩ ግን እንደዚያው መቀጠል የለብዎትም። በስፒነር ከሆነ ሁለት ዙር ያህል ፈጠን አድርገው ይጠቅልሉ፣ በማንኪያ መሰል ማማለያ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰከንድ ያህል ይተዉትና እየተወዛወዘ እንዲሰምጥ ያድርጉ። የሚሸሽ ወይም የሚሞት ትንሽ ዓሣ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ጥልቀት ሐይቁና ወንዙ የተለያየ ነገር ይጠይቃሉ። በጆርጅታውንም ሆነ ከዚያ ከፍ ባሉት ሐይቆች፣ ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ኤኮ ሌክ፣ ዓሣው በየሰዓቱ ከፍታውን ይቀያይራል፤ ንጋት ላይ ዳር ዳሩን ይጠጋል፣ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። 3.5 ግራም የሚመዝን ማማለያ በቀጭን ክር ላይ ሆኖ በሰከንድ በግምት 30 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። ስለዚህ ወርውረው ክሩን እንዳሳረፉ አምስት ይቁጠሩና ይጠቅልሉ፤ በሚቀጥለው አሥር፣ ከዚያም አሥራ አምስት ይቁጠሩ። የውኃ ሣር ይዞት ከወጣ ከቁጥሩ ሁለት ይቀንሱ። ዓሣ የነካው በስንት ላይ እንደሆነ ካስታወሱ በዚያ ሰዓት ሌሎቹም እዚያው ጥልቀት አካባቢ መኖራቸው አይቀርም። የሚወረውሩበትንም ቦታ ይምረጡ፤ ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ጥልቀቱ ድንገት የሚጨምርበት የውኃ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥበት መስመር፣ እንዲሁም የገደሉ ጥላ የሚያርፍበት ዳርቻ ከመሃሉ ይሻላሉ። ብዙ ሰው ዳር ላይ እንደ ደረሰ ጉልበቱን አሰባስቦ ወደ መሃል ይወረውራል። የመጀመሪያው ውርወራ ግን ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን መሆን አለበት፤ እዚያ ያለው ዓሣ በእግር ኮቴ ይባረራል፤ መሃሉ ግን የትም አይሸሽም።

በክሊር ክሪክ ነገሩ ሌላ ነው። ወንዙ ከሮኪ ተራሮች ተነሥቶ ብዙውን መንገድ ከአውራ ጎዳና ቁጥር 70 ጋር ጎን ለጎን እየወረደ በጎልደን ከተማ ያልፋል፤ ፈጣንና ድንጋያማ በመሆኑ ዓሣው፣ በብዛት ቡናማው ትራውት፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ኋላና ፊት ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ውስጥ ይቆማል። ሁልጊዜም አፍንጫው ወደ ላይኛው ወራጅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እየተራመዱ ከኋላው ይቅረቡት፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር በሚሆን አጭር ውርወራ ከድንጋዩ በላይ ያሳርፉ፣ ከወራጁም ጥቂት ፈጠን አድርገው ይጠቅልሉ፤ ካልፈጠኑት ምላሱ አይዞርም። ሰፋ ባለው የወንዙ ክፍል ደግሞ በአግድም ወርውረው ወራጁ ራሱ ማማለያውን በቅስት እንዲያዞረው ቢተዉት፣ ቅስቱ አልቆ ክሩ ቀጥ በሚልበት ቅጽበት ዓሣው ብዙ ጊዜ ይነካል። በግንቦትና በሰኔ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ ይደፈርሳል፤ አራቱ ቅዳሜዎችዎ በዚያ ወቅት ከነበሩ ራስዎን አይውቀሱ። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይመለሱበት።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ስፒነር በተፈጥሮው ክር ያጠማዝዛል። መድኃኒቱ ከማማለያው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ሽንብራ የምታንስ ተሽከርካሪ ማያያዣ ማሰር ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ልማዶችን ይተዉ። አንደኛው፣ ከወረወሩ በኋላ ክር ሲለቀቅ የሚከፈተውን የመጠቅለያውን ሽቦ እጀታውን በማዞር መዝጋት ነው፤ በእጅዎ ይዝጉት። ሁለተኛውና የባሰው፣ ዓሣ እየጎተተ ክር በሚወስድበት ጊዜ እጀታውን ማዞር ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ክሩን ያጠማዝዘዋል እንጂ ዓሣውን አንድ ጣት አያቀርበውም። የተጠማዘዘውን ክር መጣል አያስፈልግም ነበር፤ ማማለያውን ፈትተው ባዶውን ክር 30 ሜትር ያህል ወደ ወራጅ ውኃ ቢለቁትና ለጥቂት ደቂቃ ቢያቆዩት ራሱን ይፈታል። ክሩ በመጠቅለያው ላይ እስከ አፉ ሞልቶ ከሆነም ለመወሳሰብ ይመቻል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይጉደል።

ስለ ሚዛኑም አንድ ነገር እንጨምር። ለእንዲህ ያለው ዘንግ 4 ፓውንድ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ግራም ያህል የሚሸከም ክር ይበቃል፤ የመጠቅለያው ፍሬን (ዓሣ ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀው) ግን ከዚያ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ኃይል ሲሳብ መልቀቅ አለበት። ልኩን ለማወቅ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክሩ ላይ ይሰሩና ዘንጉን ያንሡ፤ ጠርሙሱ ከመሬት ሲነሣ ፍሬኑ በዝግታ መልቀቅ ከጀመረ ደኅና ነው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ይህን ፈተና የተማረው በሕይወቱ ያየውን ትልቁን ዓሣ በጠበቀ ፍሬን ምክንያት ክሩን በጥሶ ካስመለጠ በኋላ ነውና ምክሩ በነጻ የተገኘ አይደለም።

ስድስት ስፒነሮች ይበቃሉ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሚሠራው ሜፕስ ቁጥር 0 እና 1፣ አንዱ ብርማ አንዱ ወርቃማ፣ በተጨማሪም 3.5 ግራም የሚመዝን አንድ ማንኪያ ካለዎት ሱቅ መመላለሱን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ በዴንቨር ነዋሪ ነኝ። የ9 ዓመት ልጄን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለማን ነው? የያዝነውንስ ወደ ቤት ልንወስድ እንችላለን? በሱቅ የሚሸጠው ሽታ ያለው ሊጥ ከማማለያ ይቆጠራል?

መልስ፦ በኮሎራዶ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ግን ግዴታ ነው። የዓመቱ ፈቃድ የሚጸናው ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ስለሆነ፣ በማርች መጀመሪያ የገዛ ሰው አሥራ ሦስት ወር ይጠቀምበታል። ትራውት በአጠቃላይ ደንቡ ለአንድ ሰው በቀን አራት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ብዙ ወንዞችና ሐይቆች የየራሳቸው ጠበቅ ያለ ደንብ ስላላቸው የዓመቱን የደንብ መጽሔት ሳያዩ አይውጡ።

ሊጡ ከማማለያ አይቆጠርም። «ሰው ሠራሽ ማማለያ ብቻ» ተብሎ በተከለለ ውኃ ሽታ የተጨመረበት ማንኛውም ነገር፣ ፕላስቲክ ትልም ቢሆን፣ የተከለከለ ነው። ሽታው በፋብሪካ ቢገባም እርስዎ ቢቀቡትም ልዩነት የለውም።

ልጅዎ ከመንጋጋው በታች ቀይ ወይም ብርቱካንማ ጭረት ያለበት ዓሣ ከያዘ፣ ያ በአገሩ የበቀለው ከትስሮት የተባለው ትራውት ነውና እንዲለቀው ቢያስተምሩት ደስ ይለናል። ከዚህ ወገን አረንጓዴ ጀርባ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የግዛቱ ይፋዊ ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ንጹሕ ዝርያው የቀረው ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ በምትገኘው ቤር ክሪክ በተባለች አንዲት ጅረት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ እያራቡት ወደ ሌሎች ውኆች በመመለስ ላይ ናቸው። ቀስተ ደመናማውና ቡናማው ትራውት ግን እንደ እኛው ከሌላ የመጡ ናቸውና ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ለምሳ ቢውሉ ቅር አይበልዎ። በጾም ይበላሉ ወይስ አይበሉም የሚለውን ግን ለንስሐ አባትዎ ትተነዋል።

ከልጅ ጋር ስለሚወጡ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንነግርዎ አናልፍም። በሐምሌና በነሐሴ በተራራው ላይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ የካርቦን ዘንግ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጎሕ ሲቀድ ይጀምሩና እኩለ ቀን ሳይሞላ ከሐይቁ ዳር ይነሡ።

ጥያቄ፦ በገና ወቅት ከጀርመን ወደ አገር ቤት እመጣለሁ። በባሌ ተራሮች ትራውት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? በእጄ ያለው ቀላል ዘንግ ይበቃኛል?

መልስ፦ እውነት ነው። ቡናማውም ቀስተ ደመናማውም ትራውት ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች ከተለቀቁ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቡናማው ራሱ ወደ ኬንያ የገባው በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ከስኮትላንድ ስለሆነ በባሌዋ የዲንሾ ከተማ አካባቢ የሚያዘው ዓሣ ሁለት ጊዜ የተሰደደ ነው ማለት ይቻላል። የሚገኘው በዌብ ወንዝና በዲንሾ አጠገብ በሚያልፈው ደንካ ነው። ዌብ ከዚያ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው፤ ትራውቱ ግን የሚኖረው ውኃው በሚቀዘቅዝበት በላይኛው ክፍል ነው።

ዘንግዎ ይበቃል፤ እንዲያውም ከዚያ የከበደ አያስፈልግም። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ወቅት በመሆኑ ወንዙ ይጎድላል፣ ውኃውም እንደ መስታወት ይጠራል። ይህ ዓሣውን ለማየት ይመቻል፤ ዓሣውም እርስዎን ያያል። ደብዛዛ ልብስ ይልበሱ፣ ጥላዎ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፣ ዳር ላይ ሣር ካለ ተንበርክከው ይወርውሩ። ከ2 እስከ 2.5 ግራም ያለው ስፒነር በጠራ ውኃ ከሚያብረቀርቀው ትልቅ ማንኪያ ይበልጣል፤ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ ነሐስ ወይም ጥቁር ቢሆን ይመረጣል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በዚያ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። ፀሐይ ውኃውን ጥቂት እስክታሞቀው፣ እስከ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ድረስ፣ በእሳት ዳር ቡና ቢጠጡ የሚያመልጥዎ ነገር የለም። ጎሕ ሲቀድ ተነሡ ያልነው ለኮሎራዶው በጋ ነው።

አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ዘንግ ከመዘርጋትዎ በፊት ስለ ማጥመድ ፈቃድና ስለ አስጎብኚ በዲንሾ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በጀርመን ወንዝ ያጠለቁትን ጫማ እዚህ ይዘው ከመጡም አስቀድመው በሚገባ አጥበው ያድርቁት፤ የውኃ በሽታና ጥገኛ ሕዋስ ከወንዝ ወደ ወንዝ የሚሻገሩት በእርጥብ ጫማና መረብ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዓሣን ይዞ መልቀቅ ማሠቃየት ነው ትላለች። ይልቁንም በቀጭን ክር ረጅም ጊዜ ማድከሙ የባሰ ነው ባይ ነች። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ በሁለተኛው ነገር ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። በጣም ቀጭን ክር ዓሣውን እስኪዝል ድረስ ለማጫወት ያስገድዳል፤ የዛለ ዓሣ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እኛ ለ30 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ከ4 ፓውንድ በታች ክር መጠቀምን እንደ ጉራ እንጂ እንደ ጥበብ አንቆጥረውም። ዘንግዎን ወደ ጎን አዘንብለው ይሳቡት፤ ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ዓሣውን ቶሎ ያዞረዋል።

ለመልቀቅ ካሰቡ ዝግጅቱ ቤት ይጀምራል። ስፒነር ሲገዛ አብሮት የሚመጣውን ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ አውልቀው በአንድ ጫፍ ይተኩት፤ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ተጭነው ይደፍጥጡት። እሾህ የሌለው መንጠቆ ዓሣ ያስመልጣል የሚለው ፍርሃት ክሩ እስካልላላ ድረስ መሠረት የለውም፤ በጣትዎ ቢገባ ደግሞ ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ይወጣል። ዓሣውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ በገላው ላይ ያለውን መከላከያ ልጋግ ይገፈዋል። ቢቻል ከውኃው ሳያወጡት መንጠቆውን ይንቀሉ። መንጠቆው ጉሮሮው ድረስ ከገባ አይጎርጉሩ፤ ክሩን በቅርቡ ቆርጠው ይልቀቁት።

ከሁሉ በላይ ርካሽ የሆነ ቴርሞሜትር በክር አስረው ይያዙ። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ነው። 20 ዲግሪ ሲደርስ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ የታገለ ዓሣ እስትንፋሱን መመለስ ያቅተዋል። በዚያ ቀን የያዙትን ከለቀቁ ባለቤትዎ ያሉት ይደርሳል፤ ስለዚህ ዘንጉን አጣጥፈው ወደ ላይኛው፣ ወደ ቀዝቃዛው ሐይቅ ይውጡ፤ ወይም ሽርሽሩን በእግር ጉዞ ይተኩት።