ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ኦፊሱስ አብሮ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው የሚያመጣውን አቤቱታና ውል እተይባለሁ። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፔ ተቃጠለ። ቴክኒሻኑ አይቶት «ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) አልቆለታል» አለኝ። በላዩ ላይ የነበረውን ኦፊስ 2019 (ዎርድ ያለበትን የማይክሮሶፍት የጽሕፈት ፕሮግራም) ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ በካርድ ገዝቶ ያመጣልኝ። ኮዱ ያለበት ካርድ አሁንም እጄ ላይ አለ። ሥራዬ እንዳይቆም ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ «ኦሪጅናል ኦፊስ አለው» ብሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከላይ በቀይ «ፈቃድ የለውም» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። ቴክኒሻኑ «በ300 ብር ክራክ አደርግልሻለሁ» ይለኛል፤ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ ማድረግ ማለቱ ነው። የራሴን ኦፊስ ወደ ላፕቶፑ ማዛወር እችላለሁ? ክራኩ ያስጠይቀኛል? በነጻ የሚገኙትን ብጠቀምስ፣ ገንዘብ እየተቀበልኩበት ሕጋዊ ይሆናል?

መልስ፦

እህቴ፣ አብሽሩ። ካርዱን ስላልጣሉት ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ወንድምዎ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣልዎ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ኦፊስ ገዛሁ» ይላል። በሕግ ዓይን ግን የገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ያርሳል፣ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል። መሬቱን ግን አይሸጥም፤ መብቱ የመጠቀም ነውና። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ባለቤትነቱ ከሠራው ኩባንያ ጋር ይቀራል። እርስዎ ያለዎት መብት በፈቃዱ ውል ላይ የተጻፈው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል። ፕሮግራሙ ሲጫን «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው ሰው ውል ገብቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ የፈቃዱን ዓይነት እንለይ።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ከፋብሪካ የሚመጣ ኦፊስ አለ። እሱ ከማሽኑ ጋር የተወለደ ነው፣ ከማሽኑ ጋር ይቀበራል። ማዘርቦርዱ ሲሞት ፈቃዱም ያበቃል፤ ወደ ሌላ አይዛወርም። ለብቻው በካርድ ወይም በሳጥን የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። የኦፊስ 2019 የካርድ ፈቃድ ለአንድ ኮምፒውተር ነው፣ ነገር ግን የእርስዎ ወደሆነ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል። ገደቡ በ90 ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አለመሆኑ ነው። ማሽኑ በብልሽት ምክንያት ከሆነ የተቀየረው ይህ ገደብም አይያዝም። የእርስዎ ነገር ልክ ይኸው ነው። ይህ መብት በቀላሉ የተገኘም አይደለም። ኦፊስ 2013 ሲወጣ በካርድ የተሸጠውም ለአንድ ማሽን ብቻ ታስሮ ነበር። ተጠቃሚው ጮኸ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆች ማርች 2013 ቃሉን ቀይሮ ማዛወር ፈቀደ።

የሀገራችን ሕግም ከጎንዎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ለብቻው የደነገገው ነገር አለ። በሕጋዊ መንገድ ቅጂ የያዘ ሰው ያ ቅጂ ቢጠፋ፣ ቢወድም ወይም ከአገልግሎት ውጭ ቢሆን መተኪያ እንዲሆነው አንድ ቅጂ ማድረግ ይችላል። አንድ ነው። ለጎረቤት ጽሕፈት ቤት የሚሆን ሁለተኛ አይጨምርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፍላሽ የፕሮግራሙን ፎልደር ቀድቶ ላፕቶፑ ላይ መለጠፍ አይሠራም። ኦፊስ ሲጫን በዊንዶውስ ውስጥ በብዙ ቦታ ሥር ይሰዳል፤ ፎልደሩ ብቻውን ሲመጣ አይነሳም። ስለዚህ እንደ አዲስ መጫን አለበት። ካርዱ መጀመሪያ ሲከፈት ኮዱ የገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት አለ። ምናልባት የወንድምዎ ኢሜይል ይሆናል። ይደውሉለትና የይለፍ ቃሉን ያስታውስ። በዚያ አካውንት ገብታችሁ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱት፣ ላፕቶፑ ላይ ጫኑት፣ አክቲቬት አድርጉት። ያንን በቀይ የጻፈውን ኦፊስ ግን አስቀድማችሁ አጥፉት። እምቢ ካለ ለኩባንያው የድጋፍ ክፍል የድሮው ማሽን መቃጠሉን አስረዱ። ካርዱን ከነኮዱ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። በ2014 ጦርነት ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስንቱ ቢሮ ኮምፒውተሩንም ደረሰኙንም አንድ ላይ እንዳጣ እናውቃለን። ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ካርዱን ያውጡና ከስሙ ሥር ያለውን ይመልከቱ። «ሆም ኤንድ ስቱደንት» ነው የሚለው ወይስ «ሆም ኤንድ ቢዝነስ»? የመጀመሪያው ከሆነ ለቤትና ለትምህርት ነው። ገቢ ለሚገኝበት ሥራ መጠቀም በውሉ ተከልክሏል። እርስዎ ደግሞ በገጽ ያስከፍላሉ። ይህን የምነግርዎ ላስደነግጥዎ ብዬ አይደለም። ብዙ ቀና ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ኦሪጅናል ይዞ፣ ሳያውቀው ከፈቃዱ ውጭ ሲሠራ ስላየሁ ነው። እንዲህ ከሆነ ያንን ኦፊስ ልጆችዎ ይማሩበት። ለሥራው ወደ ታች የምነግርዎን ይውሰዱ።

ሌላም ነገር አለ። ኦፊስ 2019 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ከማይክሮሶፍት የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። መሥራቱን አያቆምም፣ ፈቃድዎም አይሰረዝም። ግን በር የተከፈተ ቤት እየሆነ ይሄዳል።

ወደ ክራኩ እንምጣ። ቴክኒሻኑ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ከተማው ውስጥ ሁሉም የሚያደርገውን ነው የነገረዎ። የኔ ምክር ግን አይንኩት ነው።

አዋጅ 410 የተጠበቀን መብት ሆን ብሎ መጣስን ወንጀል አድርጎታል። ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። በከባድ ቸልተኝነት ለሚፈጸም እንኳ እስራት አለው። በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። «የጫነው እሱ ነው» ማለት አያድንም። ጫኙም ይጠየቃል፣ አውቆ የሚገለገልበትም ይጠየቃል። «ሕጉን አላውቅም ነበር» የሚለውም በወንጀል ሕጉ ቁጥር 81 መሠረት መከላከያ አይሆንም።

አንዳንድ የሕግ ባለሙያ የሚያነሳው ክርክር እንዳለ ልደብቅዎ አልፈልግም። አዋጁ የውጭ ሀገር ሰዎችን ሥራ የሚጠብቀው በዋናነት ኢትዮጵያ ባጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በኩል ነው። ስለዚህ «የውጭ ሶፍትዌር እዚህ ጥበቃው ጠባብ ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለመማሪያ ክፍል ጥሩ ነው። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ግን መጠለያ አይሆንም። የፈቃዱ ውል ከአዋጁ ውጭም ቢሆን ያስራል። ኢትዮጵያም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በሂደት ላይ ነች፤ ድርጅቱ ደግሞ ከአባላቱ የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ ይጠይቃል። በየዓመቱ እየጠበበ በሚሄድ ክፍተት ላይ የዕለት እንጀራዎን አይመሥርቱ።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ክራክ ሲጫን ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሚያደርገው ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ነው። ያን ጊዜ ማን እንደገባ አያውቁም። የእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ደግሞ ተራ ፋይል አይደለም። የአንዷ የፍቺ አቤቱታ አለ። የሌላው የውርስ ክርክር አለ። የመታወቂያ ቅጂ፣ የቤት ካርታ፣ የሕክምና ማስረጃ አለ። ሰው ጓዳውን አምኖ ነው የሚሰጥዎ። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቀው ይጠይቃል። በ300 ብር ምክንያት የአንዲት እናት ጉዳይ ባላሰበችው ሰው እጅ ቢገባ ምን ብለው ይመልሱላታል?

ላፕቶፑን የሸጠልዎን ሰው በተመለከተ መብት አለዎት። «ኦሪጅናል» ብሎ ሸጦ ካልሆነ፣ ቃሉ የውሉ አካል ነው። ሻጭ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነጻ መሆኑን ዋስትና ይሰጣል። እያወቀ ከዋሸዎ ደግሞ ማታለል ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1704 ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል። ለዚህ ክስ ቁጥር 1810 የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። እርስዎ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አይጠብቁ። ጉድለቱን እንዳዩ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታዎ ነው፤ ከዘገዩ መብቱ ይሳሳል። ቀዩ ጽሑፍ የሚታይበትን ስክሪን ቀኑ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ሲገዙ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ስሙን ይያዙ። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በምስክርም ይረጋገጣል። ከዚያ ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ይዘው ሄደው በደህና ያነጋግሩት። እንዲህ ያለው ነገር ደሴ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሱቁ በር ላይ ያልቃል። ሁለት መንገድ ይስጡት፦ ወይ ፈቃድ ያለው ኦፊስ ይግዛልዎ፣ ወይ ዋጋውን ከላፕቶፑ ላይ ይቀንስ።

ሻጩ ዋሽቶ ላይሆንም ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ኦፊስ ይዞ መጥቶ ከሆነ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር ለእርስዎ ማለፍ ይችላል። የድሮው ባለቤት በራሱ አካውንት ያስገባው ከሆነ ግን እዚያው አካውንት ላይ ይቀራል። መሐል ቤት ፎርማት ተደርጎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስድብ አይጀምሩ። ለወደፊቱ ግን ደረሰኝ ላይ «ላፕቶፕ ከነሙሉ ዕቃው» በሚል አይርኩ። «ማይክሮሶፍት ኦፊስ ሆም ኤንድ ቢዝነስ፣ ለ1 ኮምፒውተር፣ ከነፈቃዱ» ብሎ ይጻፍልዎ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ሲያመነታ ካዩት መልሱን አግኝተዋል።

አሁን ወደ ነጻዎቹ። እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ቢሮዬ የሚሠራው በእነሱ ነው።

«ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፣ ልብ ይበሉ። አንዱ ዋጋ አለመጠየቁ ነው። ሌላው ያለ ገደብ መጠቀም መቻሉ ነው። በነጻ የሚወርዱ አንዳንድ ፕሮግራሞች ውላቸው ውስጥ ለግል ጥቅም ብቻ ይላሉ። አንዳንዱ ለ30 ቀን ሙከራ ነው። እነዚህ ለሥራዎ አይሆኑም። በኦፊስ ምትክ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ግን በሁለቱም ነጻ ነው። በጀርመን የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያስተዳድረዋል፤ ሞዚላ በሚባለው የክፍት ፈቃድ ይሰጣል። ገንዘብ እየተቀበሉ ቢሠሩበት፣ አሥር ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑት፣ በፍላሽ ሐይቅ ከተማ ላለ ዘመድዎ ቢልኩለት ሁሉም ሕጋዊ ነው። ኦንሊኦፊስ የሚባለውም የዴስክቶፕ ፕሮግራሙ በክፍት ፈቃድ ነው፤ መልኩ ለማይክሮሶፍት ይቀርባል፣ ለለመደ እጅ ይቀላል።

«ፍርድ ቤት ይቀበለዋል ወይ?» እንዳይሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የተከራካሪዎች ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። በምን ፕሮግራም ተጻፈ የሚል ነገር የለውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ እኔም የተማርኩት ተቸግሬ ነው። በዎርድ የተጻፈ አራት ገጽ የክስ መልስ በሊብሬኦፊስ ከፍቼ ሳልመለከት አተምኩ። አምስት ገጽ ሆኖ ወጣ። አምስተኛው ላይ ፊርማው ብቻውን ቁጭ ብሏል። ዳኛ ፊት እንዲህ ያለ ወረቀት አይቀርብም፤ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ምክንያቱ ፊደሉ ነው። ዎርድ ላይ የተጻፈው ኒያላ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፊደል ነበር። የእኔ ማሽን የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊነክስ በሚባለው ነጻ ሥርዓት ስለሆነ ኒያላ የለውም፤ በሌላ ፊደል ተካው፣ መስመሩ ተገፋ። አሁን የምጽፈው በአቢሲኒካ ነው። በነጻ ፈቃድ የሚሰጥ የግዕዝ ፊደል ነው፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል። ለደንበኛ የመጨረሻውን ሳስረክብ ደግሞ በፒዲኤፍ ነው፤ የትም ቢከፈት አይናወጥም። በዶክኤክስ (በዎርድ የፋይል ዓይነት) ለሚፈልግ ሰው ሲያስቀምጡ ያንን ይምረጡ፣ ከዚያ ከፍተው ገጹን ይቁጠሩ። በድሮ ፓወር ግዕዝ የተተየቡ ፋይሎች ካሉዎት ግን ያ ፊደል ራሱ የሚሸጥ የሀገር ውስጥ ሥራ ነው። እሱንም በፈቃዱ ይያዙ።

የተቃጠለውን ዴስክቶፕ ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ሀርድ ዲስኩን ያስወጡ። ማዘርቦርድ ሲቃጠል ሀርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቴክኒሻኑ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ፋይሎችዎን ይቅዳልዎ፤ ለዚህ ሥራ 300 ብሩ ይገባዋል። እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ። ሲጨርስ ዲስኩን ይዘው ወደ ቤት ይሂዱ።