ላከሩ ለምን ነጣ?

ሰላም ወንድሜ፣ ቡናማ በቀባኸው ጠረጴዛ ላይ ዝናብ እየጣለ የረጨኸው ላከር (እንጨት የሚያብለጨልጠው ግልጽ ቅብ) ወዲያው ጭጋግ ከለበሰ፣ ጥፋቱ የእርጥበት ነው። ቲነሩ ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍና ላከሩ ውስጥ ይታሰራል።

እባክህ ሌላ ላከር አትደርብበት፣ ይቀብረዋል። ዝናቡ ሲያባራ ሪታርደር የሚባለውን ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ብቻውን፣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀህ፣ በስሱ እርጭ። መጀመሪያ ከእግሩ ጀርባ ሞክር። ላከሩ መልሶ ይላላና እርጥበቱ ይወጣል። እስኪንጠባጠብ ከረጨህ ግን ከሥር ያለውን ማቅለሚያ ያነሳዋል። ይህ በቲነር ለሚሟሟው ናይትሮ ላከር ብቻ ነው፤ ፖሊዩረቴን የሚባለው ሌላው ግልጽ ቅብ ከደረቀ በኋላ በቲነር አይላላም።

ካልጠራና በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነ፣ ማቅለሚያው ሳይደርቅ ተረጭቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ላከሩን አንስተህ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ እንደገና መቀባት ነው። ዘይት ነክ ማቅለሚያ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በደረቅ ነጭ ጨርቅ እሸው፤ ቀለም ከለቀቀ ጠብቅ።

ከመርጨትህ በፊት የኮምፕሬሰሩን ውሃ ከታች ባለው ቧንቧ አፍስስ። ክፍሉን በከሰል ለማሞቅ ግን ፈጽሞ አታስብ፤ የቲነር ትነት እሳት ይይዛል።