የትኛው አጥር ለየትኛው ቦታ?

ጥያቄ፦ አዳማ አዳራሽ ውስጥ 600 ሰው የሚገባበት የሙዚቃ ዝግጅት አለን። ዕቃ አከራዩ መንገድ ዳር የምናየውን ተነቃይ የብረት አጥር መድረኩ ፊት ደርድሩ ይለናል። ይበቃል? በሩ ላይስ?

መልስ፦ መድረክ ፊት እሱን አታድርጉት፣ እባካችሁ። ያ አጥር ሰው መስመር እንዲይዝ ነው የተሠራው። ለጥምቀት ወይም ለሩጫ መንገድ ዳር ጥሩ ነው፤ ግፊት ግን አይችልም። ከዓመታት በፊት መድረክ ስንሠራ አንድ ዝግጅት ላይ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ተደፋ። የአንዲት ልጅ እግር በብረቶቹ መሃል ተቀረቀረ። ስናወጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለመድረክ የሚሆነው ከታች ሰፊ የብረት ወለል ያለው ነው። ተመልካቹ ወለሉ ላይ ስለሚቆም የራሱ ክብደት አጥሩን ይይዘዋል። ከአጥሩ ኋላ ጥበቃዎች የሚተላለፉበት ቦታ ተዉ፤ የደከመ ሰው የሚወጣው በዚያ ነው።

በሩ ላይ፣ ባንክ ቤት የምታውቋቸው ባለ ቀበቶ ምሰሶዎች ለተረጋጋ ሰልፍ ይበቃሉ። ሰው ከቸኮለ ይወድቃሉ። ያኔ የብረቱን አጥር አያይዛችሁ ተጠቀሙ፤ ግን እግሩ ጠፍጣፋ ይሁን። ወጣ ያለ እግር በጨለማ ሰው ይጥላል።

የአደጋ መውጫውን በአጥር እንዳትዘጉ። እንግሊዝ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. በሂልስቦሮ ስታዲየም መጨናነቅ 97 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከፊታቸው የነበረው አጥር ወደ ሜዳው መሸሻ አሳጥቷቸው ነበር። ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን መውጫ ራሳችሁ ከፍታችሁ እለፉበት።