የቻይና ባህላዊ መድኃኒት መጠጣት ከሃይማኖት ያወጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጓንግዡ ከተማ የምማር ተማሪ ነኝ። ምግብ አልፈጭ እያለኝ፣ ሆዴ እየተነፋ፣ ሰውነቴም እየዛለ ሲያስቸግረኝ አንድ የቻይና ባህላዊ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የእጄን ትርታ ዳስሶ፣ ምላሴን አይቶ «የጣፊያሽ ቺ ደክሟል» አለኝና ሲ ጁን ዚ ታንግ የሚባል ተቀቅሎ የሚጠጣ ሥራ ሥር አዘዘልኝ። አብራኝ የምትኖረው እህት ግን «ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፤ ጸበል እያለ እንዴት ትጠጫለሽ?» ትለኛለች። ልተወው? ካልተውኩትስ በጾምና በቁርባን ጊዜ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሃይማኖትሽ ብለሽ የምትተዪው ነገር አላየሁበትም። ከመፍረዳችን በፊት ማሰሮው ውስጥ ያለውን እንመልከት። ይህ መድኃኒት ከ900 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ በመንግሥቱ መድኃኒት ቤት መድበል ውስጥ የተጻፈ ነው። የሚገባበት አራት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ጂንሰንግ ሲሆን ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዳንግ ሸን በሚባል ሥር ይተኩታል። ሁለተኛው ባይ ዙ የሚባል ሥር፣ ሦስተኛው በፓይን ዛፍ ሥር ላይ የሚያድግ ፉ ሊንግ የሚባል የእንጉዳይ ዓይነት፣ አራተኛው ጋን ጻኦ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ነው። ዛሬ በአብዛኛው ከሦስቱ ዘጠኝ ዘጠኝ ግራም፣ ከጋን ጻኦ 6 ግራም ተመዝኖ በሸክላ ማሰሮ ይቀቀልና ውኃው ጠዋትና ማታ በሙቁ ይጠጣል። መሥዋዕት የለበትም፤ ድግምት አይደገምበትም፤ የሚጠራበት መንፈስም የለም።

«ቺ» ያሉሽም አምልኮ አይደለም። በእነርሱ ትምህርት ጣፊያ ምግብን ወደ ቺ፣ ማለትም ሰውነትን ወደሚያንቀሳቅስ ኃይል ይለውጣል፤ ያ ኃይል ሲያንስ ሰው ይዝላል፣ ምላሱ ይገረጣል፣ ዳር ዳሩም ላይ የጥርስ ምልክት ይወጣበታል። የዘመኑ ሕክምና ስለ ጣፊያ እንዲህ አይልም፤ አንቺም ተቀበይው ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። የእኛም ሊቃውንት ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደተፈጠረ፣ እነዚህ ባሕርያት ሲዛቡም ሥጋ እንደሚታወክ ያስተምራሉ። ስለ ሥጋ አሠራር መናገር ሌላ፣ መስገድ ሌላ ነው።

ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይነግረናል። ምድር ሲል የቻይናንም ምድር ይጨምራል። ሙት ያስነሣው ጳውሎስ ደግሞ ለሚወደው ለጢሞቴዎስ የጻፈለት ልክ እንዳንቺ ስለ ሆድ ሕመም ነበር፦ ጥቂት ወይን ጠጣበት አለው። ጢሞቴዎስ እምነት ስለጎደለው ነው የሚል አለ? ነቢዩ ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ ጸሎቱ እንደተሰማ ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። ስለዚህ ጓደኛሽን በፍቅር መልሽላት፤ ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ጠጪ።

ድንበሩ ግን አለ፤ ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። እዚያው አገር በጣዖት ቤት ዕጣን አጭሶ፣ ዕጣ አውጥቶ መድኃኒት የመቀበል ልማድ አለ። ክታብ ጽፎ አቃጥሎ አመዱን በውኃ የሚያጠጣም አለ። እንዲህ ያለውን ሥሩ ራሱ የሚያድን ቢሆን እንኳ አትንኪው። በአገራችንም ፌጦና ጤና አዳም የሚሰጥሽን እናትና ድግምት የሚደግምልሽን ሰው ለይተሽ ታውቂ የለ? ያንኑ ዓይን ይዘሽ ሂጂ።

ስለ ጾም፦ አራቱም የጾም ናቸው። ሆኖም ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ሌላ ነገር ይጨምራል። ላልተፈጨ ምግብ ከሚጨመሩት አንዱ ከዶሮ የሆድ ዕቃ የሚወጣ የደረቀ ሽፋን ነው። ለደም ማነስም ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ያዛሉ፤ ይህን በፍስክም ቢሆን አትቀበዪ። «የእንስሳ ነገር የሌለበት ስጡኝ» ብትያቸው ይረዱሻል። ሕመምሽ ከጠናና ያለ እንስሳ መድኃኒት ካልተገኘ፣ ወይም ጾሙ ራሱ ካደከመሽ፣ ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን የሚራራ ነውና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ራስሽ አትፍረጂ።

ለቁርባን 18 ሰዓት ስለሚጾም፣ እሑድ ጠዋት የምትቆርቢ ከሆነ የቅዳሜ ማታውንና የእሑድ ጠዋቱን ትተሽ ከቆረብሽ በኋላ የማታውን ትጠጫለሽ። ይህ መጠገኛ መድኃኒት ስለሆነ አንድ ቀን ቢቋረጥ አይጎዳሽም። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን መልስ ለራሱ እንዳያደርገው፤ እርሱ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከዕፅ ስለተሠራ ብቻ አይጎዳም ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት በተሰጠ እንክብል የቻይና ዕፅ በሌላ መርዛማ ዕፅ ተተክቶ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከሥራ ውጭ ሆኗል። ጋን ጻኦ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ጂንሰንግም ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር አይስማማም። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ካለ ለባህላዊውም ለዘመናዊውም ሐኪም ሳትደብቂ ንገሪ። ክብደትሽ ከቀነሰ፣ ሰገራሽ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ደግሞ ሥራ ሥሩን አቁመሽ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ግቢ።