ራስን መካድ ራስን መጣል ነውን?

ጥያቄ፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሻርጃ ነው፤ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የምሠራበት ቤት ሰዎች ከህንድ፣ ከኬረላ የመጡ ሂንዱዎች ናቸው፤ ክፉ አይደሉም። የቤቱ አሮጊት፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ማታ ማታ እግራቸውን ሳሽላቸው በአረብኛና በእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ የሀገራቸውን ተረት ያጫውቱኛል። ባሊ ስለሚባል ንጉሥ፣ ግማሽ አካሉ ወርቅ ስለሆነ አውሬም የነገሩኝ ከልቤ አልጠፋ አለ። ‹እኔ የሚለውን የገደለ ነጻ ወጣ› ይሉኛል። ይሄ ነገር ጌታ ‹ራሱን ይካድ› ካለው ጋር አንድ መሰለኝና ደሞዜን ሁሉ ለቤተሰብ እየላክሁ ለራሴ ምንም ላለማስቀረት ወሰንኩ። ሆዴን ያመኛል፤ ሐኪም ቤት ግን አልሄድኩም፣ ገንዘቡ ለወንድሜ ባጃጅ ይሁን ብዬ። መታመሜንም አልነገርኳቸውም። ሰላም ግን የለኝም። የላክሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሳይደውሉልኝ ሲቀሩ ደብተሩን ገልጬ አለቅሳለሁ። ተረቱን መስማቴ ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን? የኦናም በዓላቸው ሲደርስስ አብሬ ብበላ?»

መልስ፦

እኅቴ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም የምታውቂውን አልደግምልሽም። ስለ ተረቱና ስለ በዓሉ አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስና ወደ ደብተርሽ እመጣለሁ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያስጨነቀኝ እርሱ ነውና።

ተረት መስማት ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ አቴናውያንን ሲያስተምር የራሳቸውን ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። በ16ኛው መቶ ዘመን እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ ታሪክም መነሻው ህንድ ነው። አባቶቻችን ከሩቅ የመጣን ነገር በወንጌል መዝኖ መቀበልን ያውቁበታል። ለአማልክቶቻቸው አትስገጂ እንጂ የአሮጊት ጨዋታ ማዳመጥ አያረክስሽም። በኦናም ደጃፍ ላይ አበባ በክብ በክብ መደርደሩ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ አብሮ መብላቱ በኬረላ የሀገር ባህል ሆኖ ክርስቲያኖቹም ያከብሩታል፤ ከእነርሱም መካከል በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከአባቶቻችን ጋር በጉባኤ የተቀመጡት የማላንካራ ኦርቶዶክሳውያን ይገኛሉ። ሐዋርያው ያሰመረው ድንበር ይበቃሻል፦ ቢጠሩሽ ያቀረቡልሽን ብዪ፤ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካሉሽ ግን ተዪው (1ኛ ቆሮ. 10፥27-28)። በጾም ቀን ደግሞ ሥጋ የለበትም ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ እርጎና ቅቤ ይገባበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ራሱን ይካድ» የሚለውን ቃል (ማቴ. 16፥24) ሰምተው ራሳቸውን የጣሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ለልጆቿ ስትል መድኃኒቷን ያቋረጠች እናት አውቃለሁ። ለምስጋና ቃል «እኔ ምናምንቴ ነኝ» ከማለት በቀር መልስ የሌለው፣ በሰው ፊት ዝም ብሎ ብቻውን ሲሆን በቂም የሚቃጠል አገልጋይም አውቃለሁ። ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው። ሁሉም «እኔ»ን የገደሉ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ ይጽፋል። የአንቺም እንዲሁ ነው ብል አትቆጪኝ፤ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ።

እማማ የነገሩሽን የባሊን ታሪክ እንደገና እንየው። ባሊ ሦስቱን ዓለማት የገዛ ኃያል ንጉሥ ነው። መሥዋዕት አዘጋጅቶ ለመጣ ሁሉ ስጦታ በሚያድልበት ቀን ቁመቱ ድንክ የሆነ፣ ጃንጥላ የያዘ ልጅ መጣ። እነርሱ እንደሚያምኑት ይህ ልጅ አምላካቸው ቪሽኑ ነው። ባሊ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው፤ መንደር፣ ዝሆን፣ ወርቅ። ልጁ በራሱ እግር የሚለካ ሦስት እርምጃ መሬት ብቻ ለመነ። ባሊ አነሰበት፤ እኔ ጋ መጥቶ የለመነ ሰው ዳግመኛ ወደ ሌላ ደጅ መሄድ የለበትም አለው። ልጁም በሦስት እርምጃ ያልረካ በመላ ምድርም አይረካም ብሎ መለሰለት። መምህሩ ቢያስጠነቅቀውም ባሊ ቃሉን አላጠፈም፤ ውኃ አፍስሶ ስጦታውን አጸና። ያን ጊዜ ድንኩ አደገ። በአንድ እርምጃ ምድርን፣ በሁለተኛው ሰማይን ሸፈነ፤ ለሦስተኛው ቦታ ጠፋ። ባሊም ራሱን ዝቅ አድርጎ በዚህ ላይ እርገጥ አለ።

የባሊ ትዕቢት የት ነበረ? አልሰረቀም፤ አልነፈገም፤ ቃሉንም አላጠፈም። ትዕቢቱ በሚሰጠው እጁ ውስጥ ነበረ። «እኔ ጋ የመጣ» ባለው ቃል ውስጥ ነበረ። አባቶቻችን ይህን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ሌሎቹ ኃጢአቶች በክፉ ሥራ ይገባሉ፤ ይህ ግን በምጽዋት፣ በጾምና በስግደት በር ይገባል፤ ስለዚህም ዘግይቶ ይታወቃል። በመቅደስ ቆሞ የጸለየው ፈሪሳዊ የዘረዘረው ኃጢአቱን አልነበረም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙንና አሥራት ማውጣቱን ነው (ሉቃ. 18፥12)።

ሌላም ነገር ልብ በዪ። ባሊ ራሱን ቢሰጥም አልጠፋም። ተረታቸው ዛሬም እንዳለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ይናገራል፤ በኦናም ደጃፍ ላይ የሚደረድሩት አበባ ለእርሱ አቀባበል ነው። እንግዲህ «እኔን መግደል» የሚለው አባባል በእነርሱ ዘንድ እንኳ ሁሉም በአንድ ልብ የሚያስተምረው አይደለም። አሃምካራ የሚሉት ቃል «አሃም» ማለት «እኔ»፣ «ካራ» ማለት «ሠሪ» ሆኖ እኔነትን የሚሠራውን ነገር ይጠራል። የኬረላው ተወላጅ፣ መምህራቸው ሻንካራ ያ ሲገፈፍ ነፍስና ፍጹሙ ህላዌ ልዩነት የላቸውም ብሎ አስተምሯል፤ ሌላው መምህራቸው ራማኑጃ ደግሞ ነፍስ አትቀልጥም፣ አምላኳን እየወደደች ትኖራለች ብሎ ተከራክሯል።

እኛስ ምን እንላለን? እግዚአብሔር «በስምህ ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ብሏል (ኢሳ. 43፥1)። በስም የጠራውን ሰው እንዲሰረዝ አይፈልግም። ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» ብሎ ዓለመ መላእክትን ባወከ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል ያለውን ታውቂዋለሽ፦ «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ»። አምላካችንን እስክናገኘው በየአለንበት፣ በየተፈጠርንበት እንቁም አለ። ስለ «እኔ» በተነሣው በዚያ የመጀመሪያ ሁከት መላእክቱን ያዳናቸው በተሰጣቸው ባሕርይ ጸንተው መቆማቸው ነው። አንቺም ሴት ልጅ፣ እኅት፣ ሆድና ጨጓራ ያለሽ ሰው ሆነሽ ተፈጥረሻል። ሕመምሽን መደበቅ ከህላዌሽ መውጣት ነው እንጂ ትሕትና አይደለም። ጌታ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲል መለኪያ ያደረገው ራስሽን ነው፤ መለኪያው ከተሰበረ በምን ትሰፍሪያለሽ?

ከሂንዱዎች ጋር መንገዳችን የሚለያይበትን ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም፤ በክፋት ሳይሆን የእኛ የሆነውን እንድታይው ብዬ ነው። በባሊ ታሪክ አምላክ ትንሽ ሆኖ መጣ፤ ከዚያም አድጎ ሰማይና ምድርን ሞላ፤ የሰውየውንም ራስ ረገጠ። እነርሱ ይህን እንደ ምሕረት ያዩታል፤ ንጉሡ ከትዕቢቱ ዳነ ይላሉ። የእኛ ጌታ ግን ሰማይና ምድርን የሞላ ሲሆን «የባሪያን መልክ ይዞ በሰውም ምሳሌ ሆኖ ራሱን ባዶ አደረገ» (ፊልጵ. 2፥7)። ጠላቶቹን በእርምጃው ሊሸፍናቸው ሲችል አላደገባቸውም፤ እስከ መስቀል ድረስ ዝቅ አለ። ራሳችንንም አልረገጠም፤ እግራችንን አጠበ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ይህን ሲተርክ አስቀድሞ አንድ ነገር ይናገራል። ጌታ አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ፣ ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ አውቆ ከእራት ተነሣ፤ ማበሻ ጨርቅም ታጠቀ ይላል (ዮሐ. 13፥3-4)። ማንነቱን አውቆ አጠበ። ማንነቱን የረሳ ሰው ዝቅ ቢል ወደቀ ይባላል፤ አውቆ ዝቅ ያለው ግን ትሑት ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥብ ካህንነቱን አልጣለም።

ያቺን ግማሽ አካልዋ ወርቅ የሆነ አውሬ እንመልከት። በማሃባራታ መጽሐፋቸው የሚነገር ነው። ንጉሥ ዩዲሽቲራ ከታላቁ ጦርነት በኋላ የፈረስ መሥዋዕት አቅርቦ ወርቅ እንደ ጉድ ሲያድል እባብ በመግደል የምትታወቀው ያቺ ትንሽ አውሬ ብቅ አለችና፣ ይህ ሁሉ ስጦታ በኩሩክሼትራ የነበረው ድኻ የሰጠውን አንድ መስፈሪያ የገብስ ዱቄት አያህልም አለች። ያ ሰው በረኃብ ዘመን ቃርሚያ ለቅሞ ይኖር ነበር። ከሚስቱ፣ ከልጁና ከምራቱ ጋር ከስንት ቀን በኋላ ያገኙትን ገብስ ቆልተው ፈጩት። በሶ በዪው፤ እኛ ቤት ያለው ያው በሶ ነው። አራት ቦታ ተካፍለው ሊቀምሱ ሲሉ እንግዳ ደረሰ። ባልየው ድርሻውን ሰጠ፤ እንግዳው አልጠገበም። ሚስትየው የእኔን ስጠው አለች። ባልየው ግን ከስታ ቆዳዋ ከአጥንቷ መጣበቁን አይቶ አመነታ፤ እርሷ ግድ አለችው። ልጁም ሰጠ። በመጨረሻ ምራቲቱ ድርሻዋን ስታቀርብ ሽማግሌው በረኃብ የጠወለገች ልጅ ናት ብሎ አዘነ፤ ለምናው ተቀበላት። ያቺ አውሬ ኋላ ከጉድጓድዋ ወጥታ በተራረፈው ዱቄት ላይ ብትንከባለል የነካው አካልዋ ወርቅ ሆነ። የቀረውን ወርቅ የሚያደርግላት መሥዋዕት ፍለጋ ስትዞር ኖራ በንጉሡም ዘንድ አጣች።

ጌታችን ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከጉድለትዋ የነበራትን ሁሉ እንደ ሰጠች ሲያመሰግን (ማር. 12፥44) የምናውቀው ነገር ስለሆነ ይህ ታሪክ ልብሽን መንካቱ አያስደንቀኝም። ነገር ግን አባትየው «የቤቴን በሶ ሁሉ ውሰድ» አለማለቱን አስተውዪ። የራሱን ሰጠ። የሚስቱን ለመንካት እጁ ተንቀጠቀጠ። ደግሞም ሁሉም የሁሉንም ረኃብ ያውቅ ነበር። በአንቺ ቤት ግን ረኃብሽን የሚያውቅ የለም። ወንድምሽ ባጃጁን የሚገዛው ከሕክምናሽ ገንዘብ መሆኑን ቢያውቅ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ዕድሉን አልሰጠሽውም።

ልጄ፣ ጠንከር ያለውን ቃል የምነግርሽ እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ሰጪ፣ ፈጽሞ ተቀባይ አለመሆን ውስጥ ትዕቢት አለ። ጴጥሮስን እዪው። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ማንም ሰው ትሑት ነው ይላል። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው (ዮሐ. 13፥8)። መቀበል ከመስጠት ይልቅ የሚያዋርድበት ጊዜ አለ። ያ ሽማግሌ የምራቱን ድርሻ መቀበል የራሱን ከመስጠት ይልቅ ከብዶት ነበር።

ስለ ደብተሩ። ገንዘብ መጻፍ ኃጢአት አይደለም፤ ሰባት ዓመት የለፋ ሰው ሒሳቡን ማወቅ አለበት። ማታ ገልጠሽ የምታለቅሽበት ግን ሒሳብ አይደለም፤ የክስ መዝገብ ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» (ማቴ. 6፥3) የተባለው ለዚህ ነው። ሐዋርያውም ያለኝን ሁሉ ባካፍል ሥጋዬንም ለእሳት ብሰጥ ፍቅር ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም ያለው አንቺን ሊያስፈራራ አይደለም (1ኛ ቆሮ. 13፥3)፤ ፍቅር እንዳለሽማ እንባሽ ይመሰክራል። ፍቅሩ ደክሞታል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ሲያጡ «ኑና ጥቂት ዕረፉ» ብሏቸዋል (ማር. 6፥31)።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሂጂ። ለቤቱ ሰዎች ሕመምሽን ንገሪያቸው፤ እንደ ጻፍሽልኝ ክፉዎች አይደሉም። ወደ ሀገር ቤት ደውለሽ፣ ሳትወቅሺና ሳታለቅሺ፣ «አሞኛል፤ የዚህን ወር ለሕክምናዬ አድርጌዋለሁ፤ ጸልዩልኝ» በያቸው። ባጃጁ ይቆያል። ወንድምሽ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ምናልባት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት ሆንሽ?» ብሎ ይደውል ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ምንም አልሆንሁም» አትበዪው። ለንስሐ አባትሽ የምትናገሪው ተረቱን አይደለም፤ ቂሙን ተናገሪ።

ዛሬ ማታም የእማማን እግር ስታሺ፣ እርሳቸው ብዙ ነግረውሻልና፣ አንቺም በተራሽ የጴጥሮስን እግር ነገር አጫውቻቸው።